የመርቼዲሷ ሰዓት ክፈፍ

ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ ጠጋኝ ቤት ሲመጣ የሚፈልገው ዕቃው እንዲጠገንለት ነው ወይስ እንዳልተሰበረ እንዲቆጠርለት? ወንድይፍራው ይህን ራሱን የጠየቀው በ1964 ዓ.ም. ክረምት፣ የኮልፌ ጭቃ የሰው ጫማ ከእግር እያወለቀ በሚያስቀርበት በሐምሌ ወር ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በሩ ላይ ጋሽ ጥሩነህ ካፖርታቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። አያያዛቸው የታመመ ጫጩት የያዙ ያስመስላቸዋል።

«ይግቡ እንጂ ጋሽ ጥሩነህ! ምን በር ላይ ገተረዎት?» አለች ዋጋነሽ፣ የወንድይፍራው ታላቅ እህት፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ከዋናው ቤት እየሮጠች።

«ጭቃዬን ይዤ እንዳልገባ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ይሄ ክፍል እኮ ከጭቃ የባሰ ያየ ነው። እሱ እየኖረበት!»

እውነቷን ነው። ክፍሉ በጓሮ በኩል ያለ ሰርቪስ ቤት ሲሆን ግድግዳው በጀሶ ተለጥፏል፣ ወለሉ በሙጫ ተጠብጥቧል፣ ሽታው ደግሞ አይን ያስለቅሳል። ወንድይፍራው ጀርመን አገር ተልኮ የፕላስቲክ አሠራር ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ሲሄድ «ስትመለስ ፋብሪካው ይጠብቅሃል» ብለውት ነበር። ሲመለስ የጠበቀው የመሠረት ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ዙሪያ የሰው በግ ይግጣል። ከዚያ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ሰጡት፤ ሥራ ግን አልሰጡትም። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ያሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ጓሮው ገብቶ ለአሮጌ መኪኖች የውስጥ ዕቃ ከፕላስቲክ ሙጫ ያፈስሳል። የመስኮት ማዞሪያ እጀታ፣ የማርሽ ዘንግ ራስ፣ የሲጋራ መተርኮሻ ክዳን፣ መለዋወጫቸው ከገበያ የጠፋ ጥቃቅን ነገሮች። ይህን ለመሥራት ባሕር መሻገር ያስፈልግ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እሱ ግን ራሱን ሳይጠይቅ የዋለበት ቀን አልነበረም።

ጋሽ ጥሩነህ መሐረቡን ፈቱት። የዝሆን ጥርስ የመሰለ፣ ከዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ያደላ የፕላስቲክ ስብርባሪ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

«የምንድነው?» አለ ወንድይፍራው።

«የመርቼዲሷ። ከፊት፣ ሰዓቱ ዙሪያ ያለው ክፈፍ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰዓቱ ብርድ ሲመታው ይቆማል። ሁልጊዜ በጣቴ ቋ አደርገዋለሁ፣ ይነሳል። እንዲያ ስል ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ቋ ባደርገው... ይኸው!»

መርቼዲሷ የወይዘሮ ሸዋረጋ ናት። ወይዘሮ ሸዋረጋ ሳንሱሲ ባሕር ዛፍ በከበበው ሰፊ ግቢ የሚኖሩ የአንድ ፊታውራሪ ባለቤት ነበሩ። ፊታውራሪው ከሞቱ ወዲህ ከመኪናዋ ውስጥ አንዲት ነገር እንድትነሳ አይፈቅዱም። ወንበሯ የተቀደደው እንደተቀደደ ነው። በተሳፈሩ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት ሰዓቱን ነው፤ ፊታውራሪው ያዩት እንደነበር። አሁን ለጉልበታቸው ሕመም ወሊሶ ፍልውሃ ገብተዋል፤ ጋሽ ጥሩነህ ፍልሰታ ሳትገባ ሄደው ሊያመጧቸው ነው።

«አስመጪዎቹ ጋ ጠየቁ?»

«ጠየቅኋ። የሷ ሞዴል ድሮ ቀርቷል አሉኝ። መርካቶ ቁርጥራጭ ተራን በእግሬ አረስኩት፣ የለም። ሽኩር የሚባለው መለዋወጫ ሻጭ ነው 'የወዳጅህ ልጅ ኮልፌ ያፈስሳል' ያለኝ።»

የወዳጅ ልጅ ያሰኘው የወንድይፍራው አባት ነው። እሱና ጋሽ ጥሩነህ መንጃ ፈቃድ ያወጡት በአንድ ቀን ነው ይባላል፤ ጋሽ ጥሩነህ ሬሳውን ቀብር ድረስ ሸኝተዋል።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ ለምን እውነቱን አይነግሯቸውም? አርጅቶ ነው የተሰበረው፤ በእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ የደከመ ፈገግታ ነው። «ጀርመን አገር እውነት ሲነገር ይደመጥ ይሆናል። የልብስ አጣቢዋን ነገር አልሰማህም? የፊታውራሪን የጢም መላጫ ሳህን ከእጇ አምልጧት ተሰበረ። ማታውኑ ጓዟን ተሸክማ ከግቢ ወጣች። ስታለቅስ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።» መሐረባቸውን አጣጠፉ። «ባለቤቴ ጤናዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሰነበተች። ያለንበት ክፍል የእሜቴ ነው፤ ከሥራዬ ጋር የተሰጠኝ። እኔ ጓዜን እሸከም ይሆናል። እሷን ማን ይሸከማታል?»

ዋጋነሽ ወንድሟን አየችው። ወንድይፍራው ስብርባሪውን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገ። አንደኛው ቁራጭ የለም።

«እሞክራለሁ» አለ። የሚችል አልመሰለውም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስብርባሪውን በሰም እያያዘ ገጠመው። የጎደለውን ቦታ በሰሙ ሞልቶ በምላጭ ቀረጸው። ከዚያ ጀሶው እንዳይጣበቅበት ሳሙና ቀባና በሳጥን ውስጥ አጋድሞ ጀሶ አፈሰሰበት፤ ሲደርቅ ገልብጦ በጀርባውም አፈሰሰ። ሁለቱ ግማሾች ሲለያዩ መሐል ላይ የክፈፉ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ቀረ። ባዶው ቦታ ላይ ሙጫውን ከማጠንከሪያው ጋር ቀይጦ ይሞላል። ሌላው ሙጫው እስኪጠነክር መጠበቅ ነው።

ያስቸገረው ቀለሙ ነው። ነጩን ሲጨምር አዲስ ጥርስ ሆነ፤ ቡናማ ሲጠጋው የሻይ ስኒ አተላ መሰለ። የሃያ ዓመት ፀሐይና የሰው እስትንፋስ ያመጣው ቢጫነት ከየት ይምጣ? በመጨረሻ ወጥ ቤት ገብቶ ከጣሳ እርድ በማንኪያ ጨልፎ ወጣ።

«አንተ! ለሥጋ አልጫ ያስፈጨሁትን!» አለች ዋጋነሽ። «ሚስት አግብተህ የራስህን እርድ ብትዘርፍ ምን አለ?»

እርዱ ገጠመ። ከአሮጌው ቁራጭ አጠገብ ሲያስቀምጠው የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሱም ተሳሳተ። ከተመለሰ ወዲህ ደስ ያለው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። ደስታው ግን አልዋለም አላደረም፤ ቅይጡን አፍስሶ በማግስቱ ጀሶውን ሲከፍት ክፈፉ እንደ ከረሜላ እጁ ላይ ተጣበቀ። ብርዱ ነው። ሙጫው ሙቀት ይፈልጋል፤ በሐምሌ ኮልፌ ደግሞ ሙቀት ለሰውም አልተረፈ። ከሰል እንዳያነድ ሙጫው እሳት ይጠራል።

መላ ያመጣችው ጎረቤታቸው አልፊያ ናት። ባሏ ረሻድ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ምድጃው ከዋጋነሽ አጥር ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«ከምድጃው ጀርባ መደብ አለ፤ ሊጥ የምናስነሳበት» አለችው። «እዚያ አስቀምጠው። ግን ወላሂ ሽታው ዳቦዬን ከነካው አንተን ነው የምጋግረው!»

ወንድይፍራው ዳግመኛ አፍስሶ ከነጀሶው መደቡ ላይ አኖረው። በመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አልፊያ ሳጥኑን ሁለት ክንዷ ላይ ተሸክማ በጓሮ በር ገባች።

«ያዝ! ሰው ሁሉ 'ዳቦው ቀለም ቀለም ይላል' ብሎ እየመለሰብን ነው። አንዲት ሴትዮማ 'በምን ነው የቀባችሁት?' አለችኝ።»

«አልፊያ፣ አንድ ቀን ጨምሪልኝ። አልበሰለም እኮ።»

«እኔም በስሏል አላልኩህም። የኔ ዳቦ ከበሰለ ይበቃኛል!» ሳቀች፤ ሳጥኑን ግን መልሳ አልወሰደችም።

ሲከፍተው ጠንክሯል። እጅ አይዝም፣ ይንኳኳል። ጥፍሩን ጫን ሲያደርግበት ግን ጭረት ይቀራል። አንድ ሳምንት ቢያገኝ ይደርቅ ነበር፤ ሳምንት አልነበረውም። ጋሽ ጥሩነህ በማግስቱ ከሰዓት መርቼዲሷን ራሷን እየነዱ መጡ። ወንድይፍራው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቦታው ላይ ገጠመው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ዙሪያውን አዩት።

«እሱ ራሱ ነው» አሉ። «ልጄ፣ እሱ ራሱ እኮ ነው! ቀለሙን ከየት አመጣኸው?»

«ከእትዬ ዋጋነሽ ወጥ ቤት። እርድ ነው።»

ጋሽ ጥሩነህ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «መኪናችን አልጫ ሆነች በለኛ! ፊታውራሪ ይህን ቢሰሙ!» ዓይናቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ።

«ይስሙኝ ጋሽ ጥሩነህ። ገና አልደረቀም። አይጫኑት። ፀሐይ አያስመቱት። ሰዓቱንም ቋ አያድርጉ።»

«ቋ ካላደረግሁትማ ይቆማል!»

«ይቁም።»

«እሺ፣ ይቁም» አሉ፤ የሐኪም ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው። ሽታውን ይውጥላቸው ብለው ከወንበሩ ሥር ጠጅ ሳር ጎዘጎዙና ሄዱ። ዋጋነሽ መኪናዋ ከዓይኗ እስክትሰወር ቆማ ሸኘች። ወንድይፍራው ግን ገብቶ ተኛ። ድካሙ የሥራው አልመሰለውም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድይፍራው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሟል። ዝናቡ አባርቷል። ከፊቱ የአንዲት ሰይቼንቶ ታክሲ ሾፌር በሩን ከፍቶ፣ ግማሽ ገላውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከመሪው ፊት ያለውን ሁሉ በጨርቅ ይወለውላል። ጨርቁን በየመሐሉ ከጠርሙስ ያርሰዋል። ሽታው ወንድይፍራው ጋ ደረሰ።

«ጋዝ ነው?» አለው።

«ታዲያ በምን ይብራ?» አለ ሾፌሩ ቀና ሳይል። «ጋዝ ያልነካው መኪናና ቅቤ ያልነካው ፀጉር አንድ ነው፣ ጌታው።»

ወንድይፍራው አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ አላየውም። አባቱ ታወሰው። አባቱ ጌቶቹን በሚያሳፍርበት ማለዳ ሁሉ የጋዝ ጨርቅ ይዞ መኪናው ውስጥ ይገባ ነበር። መስታወቱን፣ መሪውን፣ ሰዓቱን፣ አንድም ሳይቀር። ጌታ የሚሳፈርበት መኪና ሳይወለወል አይቀርብም፤ ነውር ነው። ይህን በልጅነቱ በየቀኑ አይቷል። ለጋሽ ጥሩነህ የነገራቸው ግን ስለ ፀሐይ ነው። በሐምሌ! ያ ምክር የጀርመን አስተማሪዎቹ ነው፤ እዚያ ደብተሩ ላይ እንደጻፈው አውጥቶ እዚህ ደገመው።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያው ቅይጥ የተረፈውን፣ አብሮ መደቡ ላይ የሰነበተውን ቁራጭ አውጥቶ በጋዝ የራሰ ነጭ ጨርቅ አሸት አደረገው። ፊቱ ለሰለሰ፤ ጨርቁ ቢጫ ሆነ። ደጋግሞ ሲያሸው ነጩ ብቻ ወጥቶ የቆዳ ለምጽ መሰለ።

ሳንሱሲ ሲደርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ዘበኛው ይመር በሩን ገርበብ አደረገ።

«ጋሽ ጥሩነህን ፈልጌ ነበር።»

«ሄደዋል። ማለዳ ነው ወደ ወሊሶ የወጡት። ዛሬ እዚያው አድረው ነገ ጠዋት እሜቴን ይዘው ይመጣሉ።»

«የመወልወያ ጨርቅ... ጋዝ ይዘዋል?»

ይመር ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ጋዙን ራሴ ነኝ በጠርሙስ የቀዳሁላቸው። እሜቴ ሊሳፈሩ ሳይወለውሉ ነው? ምነው፣ ምን ሆንክ?»

ከዘበኛው ማደሪያ ጀርባ ካለች ጠባብ ክፍል የሴት ድምፅ መጣ፤ ቀጭንና የተቆራረጠ። «ይመር፣ ማነው? ጥሩነህ ተመለሰ?»

«አልተመለሰም፣ እትዬ ጤናዬ! እንግዳ ነው!»

ወንድይፍራው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቅ? ለዘበኛው አንድ ቃል ከነገረው ነገሩ ከበሩ ቀጥታ ሳሎን ይገባል።

ቤት ሲደርስ ዋጋነሽ ታሪኩን ሰምታ መቀመጫ ላይ ዘፍ አለች። «ቴሌግራም ላክላቸው» አለች። «የሚወለውሉት ነገ ጠዋት ነው፤ ዛሬ ይደርሳል።»

«ለማን ይደርሳል? ሆቴል ነው እኮ። 'የወይዘሮ ሸዋረጋ ሾፌር' ብዬ የምልከውን መጀመሪያ የሚሰጡት ለወይዘሮ ሸዋረጋ ነው። 'የሠራሁልዎን ክፈፍ በጋዝ አይወልውሉ' ብዬ ልጽፍ? በገዛ እጄ ላሳጣቸው?»

አልፊያ ለልጇ ስትጮህ ከአጥሩ ወዲያ ይሰማል።

«እርድ መሆኑን ያውቃሉ» አለ ወንድይፍራው ቆይቶ። «ስቀውብኛል። ስለ እርድ ብቻ ብጽፍ ይገባቸዋል፤ ሌላ ሰው ቢያነበው የወጥ ቤት ምክር ይመስለዋል። ግን ከኔ ሲመጣ ያስጠረጥራል። የወንድ ስም ያለበት የእርድ ነገር...»

«በኔ ስም ልትልክ ነው?» ዋጋነሽ ቀና አለች። ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ውሸት ወደ ቤቷ እንዳይገባ በሩ ላይ ዘበኛ ያቆመች ትመስላለች፤ ለገበያ ዋጋ እንኳን አትምልም። «በስሜ ውሸት?»

«ውሸት አይደለም። እርድ ጋዝ አይችልም።»

«እውነት አይችልም?»

ቢጫ የሆነውን ጨርቅ ዘረጋላት። ጨርቁን ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው።

«የሚያታልል እውነት ነው» አለች። «ምን ላድርግ፣ እትዬ ጤናዬን ሳስብ... በል ላከው። ጌታ እኔንም አንተንም ይቅር ይበለን።»

መርካቶ ቴሌግራም መላኪያው ጋ ሰው ተሰልፎ ነበር። ከፊቱ ያለችው ሴት ጥቁር ለብሳ ታለቅሳለች። ወንድይፍራው ያን ጊዜ ሌላ ነገር አሰበ። ለድሃ ሰው ቴሌግራም መርዶ ነው። ጋሽ ጥሩነህ ወረቀቱ ሲሰጣቸው ከማንበባቸው በፊት የሚያስቡት ስለ ክፈፍ አይደለም፤ አልጋ ላይ ጥለዋት ስለመጡት ሴት ነው። የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። ጸሐፊው ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው።

«'ሁላችን ደህና ነን። እትዬ ጤናዬ ደህና ናቸው። እርድ የገባበትን ነገር ጋዝ አያስነኩ። ዋጋነሽ።'» ቀና አለ። «ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ጌታዬ፣ ይሄን ለማለት ቴሌግራም? እኔ እኮ ሰው ሞተ ብዬ ነው ቶሎ የተቀበልኩህ።»

«ዛሬ ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ከምሳ በኋላ በእጃቸው ይገባል።» እያንዳንዱን ቃል በእርሳሱ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ወደ ውስጥ አሻገረው። «መልስ ትጠብቃለህ?»

«እጠብቃለሁ» አለ ወንድይፍራው።

መልሱ ያን ቀን አልመጣም። በማግስቱ ከሥራ ቀርቶ ቤት ዋለ፤ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር እስከ በር ይወጣል። ፍልሰታ ገባች። አንድ ቀን እስከ ሳንሱሲ ባሕር ዛፎች ድረስ ሄዶ የግቢው በር ከሩቅ ሲታየው ተመለሰ። ለእነ ጋሽ ጥሩነህ ብዬ ነው፣ ሰው ቢያየኝ አጋልጣቸዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ፤ መንገድ ላይ ግን ለማን ብሎ እንደተመለሰ እርግጠኛ አልነበረም። ዋጋነሽ ማታ ስትጸልይ የጋሽ ጥሩነህን ስም ትጠራለች። እሱ ያ ስም እስኪጠራ ጠብቆ ይተኛል።

ፍልሰታ ተፈታች፣ ዝናቡም መሳሳት ጀመረ። ከወሊሶም ሆነ ከሳንሱሲ መልስ አልመጣም፤ ጋዙ ክፈፉን ነክቶት እንደሆነ ወንድይፍራው አላወቀም።